«የመብረቅ ልጅ»

ጥቅምት 14

ይድረስ ለሚጣ አያት፤

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለው? እኛ ደህና ነን። ሚጣ ትናንት የፊት ጥርሷ ወልቆ በወረቀት ጠቅልላ ይዛው መጣች። ለእርስዎ ካልተላከ ብላ ስትሟገተኝ አመሸች። «አያቴ አዋላጅ ነበረች፣ የወጣ ነገር ማየት ትወዳለች» ነው የምትለው። ጥርሱን አልላክሁትም፤ ወሬውን ግን ይኸው።

ስልክዎን እንደዘጉት የገባኝ ቀኑን ሙሉ ስደውል ውዬ ነው። ቁጥርዎን ማን ለኳስ ደጋፊው እንደበተነው ብጠይቅም አላገኘሁም። ልጇን የቀበረች እናት ጋ ደውሎ «ውሸታም» የሚል ሰው ምን ዓይነት አንጀት እንዳለው እሱ ይወቀው። በፖስታ እንጻጻፍ ማለትዎ ደስ ብሎኛል። እጄ መቀስና መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ ስህተቴን እያለፉ ያንብቡልኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ በወንድሜ ላይ ፍርዱ ሲነበብ እዚያው ነበርኩ፤ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ። ሃያ ዓመት ሲባል ከፊቴ የተቀመጡት የደጋፊ ማኅበሩ ልጆች ብድግ አሉ፤ ፖሊሶቹ ትከሻቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። እሱ ምን መሰለ ላሉኝ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንዳለ ተጫዋች እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሎ ነበር። ወደ እኔ አልዞረም። ቢዞር ምን ዓይነት ፊት እንደማሳየው ስላላወቅኩ ባለመዞሩ ደስ አለኝ።

ሰፈሩንስ ባያዩት ይሻላል። ግማሹ «ተሠርቶበት ነው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «እኔ እኮ ድሮም ዓይኑን አልወደውም ነበር» ባይ ሆኗል። ይሄ ሁለተኛው ወገን ክለቡ ዋንጫውን ያመጣ ጊዜ ወንድሜን ትከሻው ላይ ተሸክሞ የዞረው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻይ ቤት ባለቤቱ «ስለ መብረቅ ማውራት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፈ፤ ሰው አሁን ወረቀቱን እያነበበ ስለ መብረቅ ያወራል። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ በደህናው ጊዜ ለቡችላው የወንድሜን ቅጽል ስም አውጥቶለት ነበር። አሁን «ቡቺ» ይለዋል። ውሻው ግን አይሰማም። ሰውዬው ግራ ቀኙን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መብረቅ፣ ና» ሲለው ነው ጭራውን እየቆላ የሚመጣው። አያስቅም፣ ግን ሳቅኩ።

ዋናውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ፈርቼ ነው። ሚጣ ከማን ጋር እንደምታድግ ፍርድ ቤቱ የሚወስነው በመጋቢት ነው። ጸሐፊዋ እንደነገረችኝ የእናት ወገን ተስማምቶ ከፈረመ ከእኔ ጋር ትቆያለች። ካልተስማማ የእርስዎ ናት፤ ሕጉም ወደ እርስዎ ያደላል። ልጅዎ ላይ፣ እንደ እህቴ በማያት በወንድሜ ሚስት ላይ፣ ያ ነገር ከደረሰ ወዲህ ልጅቷ ከጎኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። እማማ፣ አላስጨንቅዎትም ብዬ ነበር የጀመርኩት። ይኸው እየለመንኩዎት ነው።

የሚጣ አክስት


ጥቅምት 25

ይድረስ ለሚጣ አክስት፤

ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ እኔም እንደ ጉልበቴ ነኝ። ጥርሱ ደርሶኛል በያት። እንዲህ ያለው ውሸት አይጎዳም።

የአንቺን ሰፈር አጫወትሽኝ፤ የእኔንም ልንገርሽ። እዚህ ማንም አይጮህም። ባለ ሱቁ ከእኔ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ በግድ ነው የምከፍለው። ክሊኒክ ወረፋ ስይዝ ሰው ያሳልፈኛል። ደግነታቸው ያደክመኛል፤ ሕመምተኛ አደረጉኝ። ባለፈው አንዲት ሴት ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠችኝና እጄን ይዛ ቆየች። ልታጽናናኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «መብረቅ አማችዎ ነበር አይደል? በአካል ሲያዩት ረጅም ነው?» አለችኝ። ረጅም ነው አልኳት። ምን ልበላት።

ጋዜጣውንም አየሁት። የፊት ገጹ ላይ እሱ ዋንጫ አቅፎ፣ ከውስጥ እሱ ኳስ ሲመታ፣ ከጀርባ እሱ በካቴና። የልጄ ፎቶ የለም። ስሟም የለም፤ «ባለቤቱ» ነው የሚሏት። ያን ሁሉ ዓመት መድኃኒት ቤት ቆማ የሰው ሕመም ስትሰማ የኖረች ሴት፣ ሞታ የሰው «ባለቤት» ሆና ቀረች። ስለ እሱ ደግሞ የጻፈው ጋዜጠኛ «አሳዛኝ የስኬት ታሪክ» ይላል። አሳዛኝ ያለው እግር ኳሱን ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድ ቃል ፍለጋ። «ያ ነገር ከደረሰ ወዲህ» ብለሽኛል። ባለፈው ዓመት በስልክም «ያ ቀን» ነበር የምትይኝ። ልጄ ላይ የደረሰ ነገር የለም። ልጄን ሰው ገደላት። የገደላትንም አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ አሁን ፍርድ ቤቱም ብሎታል።

ሚጣን ልነጥቅሽ አልቸኩልም። እኔ ሰባን አልፌያለሁ፤ አንቺ ጉልበት አለሽ፣ እሷም ትወድሻለች። ግን እናቷ እንዴት እንደሞተች በማይነገርበት ቤት እንድታድግ አልፈርምም። አፍ አውጥተሽ በይው። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለእሷም፣ ለሚጠይቅሽ ሰውም። እሱን ያልሽ ቀን ወረቀቱን እፈርማለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

የሚጣ አያት


ኅዳር 9

ይድረስ ለሚጣ አያት፤

እማማ፣ ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ሥራ በዝቶብን እኔና ሁለቱ ሠራተኞቼ ከስፌት ማሽን አልተነሣንም። አንደኛዋ ማሽን ቀበቶዋ ተበጥሶ ለእሷ ስሯሯጥ ሰነበትኩ። ሚጣ ለጥርሱ መልስ አግኝታ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለች። ሁለተኛው ጥርስም እየተነቃነቀ ነው፤ ይዘጋጁ።

ወንድሜ ጋ እስር ቤትም ሄጄ ነበር። ከስቷል። ጠባቂዎቹ አብረውት ፎቶ ይነሣሉ፤ አንዱ ለልጁ ብሎ ፊርማ ሲያስፈርመው ደረስኩ። እኔን ክለቡ ስንተኛ እንደሆነ ጠየቀኝ። እሱ ቦታ ላይ ስለሚያሰልፉት ልጅ ጠየቀኝ። አዲስ ጫማ ብልክለት ያስገቡልኛል ወይ አለኝ። ከዚያ ስለ ሚጣ «እያደገች ነው?» አለኝ። ልጅ ሌላ ምን ይሠራል አልኩት። ስለ እርስዎ አልጠየቀኝም። ልዋሽዎት አልፈለግኩም እንጂ ጠይቆኛል ብል ደስ ይለኝ ነበር።

ከእሱ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሰዎች ስለ እሱ ሲከራከሩ መጡ። ሹፌሩ «እኔ ሰውዬውን አልደግፍም፣ ጎሉን ነው የምደግፈው» አለ። ሁሉም ትክክል ነው አሉት። እኔ ወራጅ አለ ብዬ ቀድሜ ወረድኩና ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ።

ስለዚያ ስላሉኝ ቃል። እማማ፣ ሚጣ ማንበብ ለምዳለች። ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ፊደል ትቆጥራለች፤ አሁን እንኳን «አያቴ የሚለው የቱ ጋ ነው?» እያለችኝ ነው። እሷ እያየች እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ይህ ሰበብ ይመስልዎታል። እኔንም ይመስለኛል። ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።

የሚጣ አክስት


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለሚጣ አያት፤

አዎ። በቴሌቪዥን አየሁት ብለው የጻፉልኝን ማሊያ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሥራ በዛብኝ ያልኩዎትም እሱው ነው።

«ከዚያ ስታዲየም ውስጥ ስንቱን አንቺ አለበስሽው?» ብለው ለጠየቁኝ መልሱ ብዙውን ነው። ከፍርዱ በኋላ ሰው ሁሉ የወንድሜን ዘጠኝ ቁጥር ካልለበስኩ አለ። በፊት ማሊያ ለብሰው የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ መጥተው አዘዙ። አንዲት አስተማሪ፣ ጨዋታ አይታ የማታውቅ፣ «ለመብረቅ ስል» ብላ ሁለት ወሰደች። በዘጠነኛው ደቂቃ ሁሉም ብድግ ብለው ለእሱ ያወጡትን ዘፈን ይዘፍናሉ። ይህን እርስዎም አይተውታል፤ ደግሜ ላስታውስዎት አይገባም ነበር።

እምቢ ለማለት ለምን አቃተሽ ብለዋል። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ሴቶች ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም ብዬ ልጽፍ ነበር። እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የደጋፊ ማኅበሩ መሪ አለ፤ ጥሩምባ ነው የምንለው፣ ድምፁ ከስታዲየም ሰፈር ድረስ ስለሚሰማ። ልጅዎን የቀበርን ጊዜ ድንኳኑን ተክሎ የነቀለው እሱ ነው። ዝናብ ሲሆን ሚጣን ከትምህርት ቤት በጫንቃው ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። ባል የለኝ፣ ወንድሜ እዚያ ገብቷል፤ በሬን የሚያንኳኳ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መጥቶ «ለወንድምሽ ስፊልን» ሲልዎት ምላስ ይተሳሰራል። ጨርቁን ስቆርጥ ጨርቅ ነው። ቁጥሩን ስለጥፍ ቁጥር ነው። ስሙ ላይ ስደርስ ዓይኔን ልጨፍን እፈልግና ጣቴን አብሬ እንዳልሰፋ ብዬ እከፍተዋለሁ።

ተቆጡኝ፤ ይገባኛል። አንድ ሌላ ነገርም ጠይቆኛል፤ እሱን ስንገናኝ እነግርዎታለሁ።

እንዳሉት ሚጣ ለዕረፍቱ እርስዎ ጋ ትምጣ። አብራኝ የምትሠራው ሴት ወደዚያ ስለምትሄድ ይዛት ትመጣለች። እኔ ከሰፋሁላት ሰማያዊ ቀሚስ ሌላ ንጹሕ ነገር አልቀረላትም፤ ሁሉን ቀለም አስነክታዋለች። ፀጉሯን ሲያበጥሩ ከጫፉ ይጀምሩ፤ ከሥሩ ከጀመሩ መላው ሰፈር ይሰማል።

የሚጣ አክስት


ጥር 21

ይድረስ ለሚጣ አክስት፤

ልጅቷ በሰላም እንደገባች ባልደረባሽ በደብዳቤ ነገረችኝ። ከሄደች ወዲህ ቤቱ ፀጥ ብሎ ወንበሮቹ እንኳን የበዙ ይመስላሉ። ቀሚሱን አጥቤ ተኩሼ ነው የመለስኩት። ፀጉሯን ከጫፉ ጀመርኩ፤ መላው ሰፈር ግን ሰምቷል።

ሁለት ነገር ልነግርሽ ነው። አንደኛውን ካንቺ መስማት ነበረብኝ።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ድንች እየላጥኩ ከግቢው ጭብጨባ ሰማሁ። የጎረቤት ልጆች ሚጣን መሐል አድርገው ይዘፍናሉ። ያንን ዘፈን ነው። አስተማረቻቸው፤ እነሱም ጥሩ አድርገው ይዘውታል። ቢላውን ይዤ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። የልጄን ገዳይ በገዛ ግቢዬ ውስጥ የልጄ ልጅ እያወደሰችው ነው። ልቆጣት አልቻልኩም፤ ፊቷን ብታዪው፣ እንዲያ ደስ ብሏት አይቼ አላውቅም። ጠርቼ እጇን አስታጠብኳት፤ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አያቴ፣ የአባዬን ዘፈን ትችያለሽ?» አለችኝ።

ሰምቼዋለሁ አልኳት።

«እማዬስ ዘፈን የላትም?»

ያን ሁሉ ዘመን ስንት ሴት አልጋ አጠገብ ቆሜ፣ ክፉ ዜና ተናግሬ፣ መልካሙንም ተናግሬ፣ ለዚች ልጅ ግን አንድ ቃል ብቻ አወጣሁ። የላትም አልኳት። ለምን አለችኝ። የመድኃኒት ቤት ሥራ አይዘፈንለትም አልኳት። ውሸት አይደለም፤ መልስም አይደለም። አየሽ፣ አንቺን ለስንት ወር ስወቅስሽ ቆይቼ የእኔው ተራ ሲደርስ እኔም አለባበስኩ። ስለዚህ የምቆጣሽ በግማሽ ልቤ ነው።

ሁለተኛው ይኸውልሽ። አባቷ የታሰረው ዳኛው ተሳስቶ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ያ ጥሩምባ የምትሉት ሰው ነው ያስረዳት። በየካቲቱ ትልቅ ጨዋታ ደግሞ ዘጠኝ ቁጥር ለብሳ፣ የአምበሉን እጅ ይዛ ሜዳ እንደምትገባ ነገረችኝ። ሰው ሁሉ «የመብረቅ ልጅ» ብሎ እንደሚያጨበጭብላት። አክስቴ እሺ ብላለች አለችኝ። ስንገናኝ እነግርዎታለሁ ያልሽው ይህ ነው?

ልጅ ናት፤ ማንም ቢያጨበጭብላት ደስ ይላታል። ነገ ግን አድጋ ያንን ፎቶ ታየዋለች። ማን አለበሰኝ ብላ ትጠይቃለች።

አልጮህብሽም፤ አልችልበትምም። ሜዳ ከገባች መጋቢትን አልጠብቅም። መጥቼ እወስዳታለሁ፤ አንቺንም ዳግመኛ አታይሽም። 

የሚጣ አያት


የካቲት 2

እማማ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሚጣ ደህና ናት። የሠሩላት ሹራብ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል፤ አላሳጠርኩትም፣ ታድግበታለች። ለጥሩምባ እሺ ብዬው ነበር፣ እውነት ነው። ስል እንኳን እሺ ማለቴን አላወቅኩም፤ ሻይ እየቀዳሁለት ነበር።

ጨዋታው እሑድ ነው። እስከዚያ ይታገሡኝ።

የሚጣ አክስት


የካቲት 19

ይድረስ ለሚጣ አያት፤

እማማ፣ ሚጣ ሜዳ አልገባችም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍልዎት፤ ቀሪውን ተረጋግተው ያንብቡ።

ጥሩምባ ቅዳሜ ዕለት ወደ ሥራ ቦታችን መጣ፤ የሚጣን ማሊያ ሊወስድ። ቆርጬው ነበር፤ ትንሽ ነው፣ ከትልቁ ትራፊ ነው የወጣው። ሁለቱ ሴቶች ማሽን ላይ ናቸው፤ ልኬት የሚጠብቁ ሦስት ደንበኞችም ነበሩ። አልሰፋሁትም፣ አትመጣምም አልኩት። አሟታል እንዴ አለኝ። አላመማትም አልኩት። ቁጭ አለና ሻይ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ሲያባብለኝ ቆየ። ሕዝቡ ይጠብቃታል፣ አምበሉ አበባ ገዝቷል፣ ደግሞም ለሌላ ለማንም አይደለም፣ ለወንድምሽ ነው አለኝ።

«ወንድሜ ሚስቱን ገድሏል» አልኩት። «ልጅቷን የእናቷን ገዳይ ማሊያ አላለብሳትም።»

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። ማሽኖቹ ግን ቆሙ። ጥሩምባ ብርጭቆውን አስቀመጠ።  ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጠላቶቹ እንኳን እንዲህ በሰው ፊት አላሉትም፤ አንቺ እህቱ ነሽ» አለኝ። እህቱ ስለሆንኩ ነው አልኩት። ተነሥቶ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እስከ እሑድ ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ነበር። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ እንደ ልማዳቸው ዘፈኑት፤ ከዚያ ስለ እኔ አዲስ አወጡ። ግጥሙን አልጽፍልዎትም፤ ቤት ይመታል ብቻ ልበልዎት። በነጋታው በሬ ላይ በቀይ ቀለም «ከሃዲ» ተጽፎ አገኘሁ። ትእዛዞቹ በአንድ ጊዜ ቀሩ። አንዷ ሠራተኛ አልቅሳ ተሰናበተችኝ፤ ባሏ የማኅበሩ አባል ነው። ሌላዋ አለች። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ይሸጥልኛል፣ ሰላም አይለኝም። «ድሮም አልወደውም ነበር» ባዮቹ ደግሞ በተራ እየመጡ በሹክሹክታ ጎበዝ ይሉኛል። እነሱን ነው ይበልጥ የማልወደው።

ለሚጣም ነገርኳት። ከሌላ ሰው ሳትሰማ ብዬ እሑድ ከሰዓት፣ ሁሉም ስታዲየም በሄደበት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫት። አባትሽ እናትሽን ገድሏታል፣ የታሰረው ለዚህ ነው፣ ዳኛው አልተሳሳተም አልኳት። ሲነገር አጭር ነው፣ እማማ። ይህን ያህል ጊዜ የሸሸሁት ነገር እንዲህ አጭር መሆኑ አሳፈረኝ። ታውቂ ነበር አለችኝ። አዎ አልኳት፤ አስከሬኗን የመረመረው ሐኪም ፍርድ ቤት ቆሞ ከተናገረበት ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ከዚያ ጠመኔዬን አንሥታ ጨርቅ ላይ መስመር ስታሰምር ቆየች።

«አሁን አባዬን መውደድ አይቻልም?» አለችኝ።

የመለስኩላትን ልጻፍልዎት፤ ሁሉንም ልናገር ካልኩ ይህም አለበት። ይቻላል አልኳት። እኔም አልተውኩም አልኳት። ገድሏል፣ ይህን አልክድም፣ ለማንም አልሸፍንለትም። ግን ያዘልኩት ወንድሜ ነው፤ ልቤ እሱን የሚወድበትን ቦታ ቆርጬ መጣል አልቻልኩም። ያመኛል። ይህን ማንበብ እርስዎን ከእኔ የበለጠ እንደሚያምዎት አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ዘንድሮ ዋናውን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የምጽፈው። ክፍሏ ውስጥ ከእሷ ጋር የሚቀመጥ ልጅ ጠፋ። ረቡዕ ዕለት ኮሌታዋ ተቀዶ መጣች፤ ሰፋሁላት። ዓርብ ያው ኮሌታ ዳግመኛ ተቀደደ። ማን ነው ብላት አትናገርም። አስተማሪዋ ደግ ሴት ናት፤ ወደ ቤታችን መጥታ፣ እኔ አንድ ልጅ እጠብቃለሁ እንጂ ሰፈሩን ሁሉ መጠበቅ አልችልም አለችኝ። ልጅቷ በር ሲንኳኳ ጠረጴዛ ሥር መግባት ጀምራለች።

እርስዎ አፍ አውጥተሽ ካልሽው ትቆይልሻለች ብለውኝ ነበር። አልኩት። ስላልኩትም እዚህ ልትቆይ አትችልም። ዙሪያውን ብመለከት ሌላ መንገድ አላየሁም። ይውሰዷት፣ እማማ። እዚያ ማንም የመብረቅ ልጅ አይላትም፤ የልጅዎ ልጅ ትሆናለች። በመጋቢት ሁለተኛው ቅዳሜ ባልደረባዬ በጠዋቱ አውቶቡስ ይዛት ትመጣለች። እኔ ጣቢያ ድረስ እሸኛታለሁ። ፊርማውን ይተዉት፤ በመጋቢት ለፍርድ ቤቱ መስማማቴን እናገራለሁ።

ወተት ስትጠጣ ስልባቦቱን ያውጡላት፤ ያስመልሳታል። ስትተኛ አንድ እግሯን ካልጋው ውጭ ታደርጋለች፤ ቢያስገቡት ታወጣዋለች፣ ይተዉላት። እሷ ከሄደች በኋላ ምን እንደምሆን አላስብም። ማሰብ ስጀምር ክር ይበጠስብኛል።

የሚጣ አክስት


የካቲት 26

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። እሱን መውደድ አልተውኩም ያልሽበት ጋ ስደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ከቤት ወጣሁ። እስከ ገበያው ድረስ ሄጄ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ። ተመልሼ ቀሪውን ጨረስኩት። አሁንም ያመኛል፤ ምናልባት እስከ መጨረሻዬ ያመኛል። ግን እውነቱን ተናገሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። የሚመቸኝን መርጬ የማይመቸኝን ልመልስልሽ አልችልም።

በበርሽ ላይ የጻፉትን ቀለም በሳሙና አትፈግፍጊ፤ ይስፋፋል። በናፍጣ ነው የሚለቀው።

ከእኔ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ባዶ ክፍል አለ። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ ብርሃን ይገባዋል፣ ማሽን ይይዛል። ባለቤቱን አነጋግሬዋለሁ። ይህ ሰፈር ልብስ ሰፊ ቀርቶ ቁልፍ የሚተክል ሰው የለውም፤ የእኔ ካፖርት ከላይ ሳይቆለፍ ክረምቱ አለፈ። ማን እንደሆንሽ ይታወቃል፤ ወሬ እግር አለው። መጀመሪያ ያዩሻል፣ ይጠይቁሻል። ያልሽውን ደግመሽ በያቸው። ከዚያ ሱሪ አሳጥሪልን ይሉሻል።

ከአሁኑ የምነግርሽ አንድ ነገር አለ። ፊትሽ የእሱ ፊት ነው፤ ግንባርሽ በተለይ። ካንቺ ጋር አንድ ጠረጴዛ ስቀርብ ምን እንደምሆን አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሳላነጋግርሽ እውል ይሆናል። አንዳንድ ቀን ሂጂልኝ እልሽ ይሆናል። ያን ቀን ሁለት በር አልፈሽ ክፍልሽ ግቢ፤ በነጋታው ተመልሰሽ ነይ።

ሚጣ እናቷን አጥታለች። አባቷንም አጥታለች። ባልደረባሽ እጇን ይዛ ከአውቶቡስ ስታወርዳት ልጅቷ ያጣችውን ሦስተኛ ሰው መቁጠሯ ነው፤ ይህን እኔ አላደርግባትም። ከአንቺ ጋር እንድታድግ ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለዚያ ቅዳሜ አትጣደፊ፤ ቤትሽን አስረክቢ፣ ማሽንሽን በደንብ አሳስሪ፣ አብራሽ የቀረችውን ሴት በወጉ ተሰናበቻት።

ልጅቷን ግን አትላኪያት። ይዘሻት ነይ።

የሚጣ አያት